«ልጄ መጣች» ያስባለ መምህር

ባለቤቴ በተቀበረ ዕለት የሕይወት ታሪኩን እንዲያነብ የተመረጠው ሰው ወረቀቱን ይዞ ቆመ። «መምህር ቶማ በአማርኛ መምህርነት ለረጅም ዘመን ያገለገለ» ብሎ ሲጀምር፣ ከለቀስተኛው መካከል አንድ ድምፅ «ያገለገሉ» አለ። አንባቢው ደንገጥ ብሎ «ያገለገሉ» ሲል አስተካከለና ቀጠለ። ጥቂት እንደሄደ «በተማሪዎቹ ዘንድ የተወደደ» አለ። ያ ድምፅ እንደገና «በተማሪዎቻቸው! የተወደዱ!» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ገላመጠው። አንዲት ሴትዮ «ኧረ በቀብር ላይ!» ስትል ሰማኋት። እኔ ግን ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ሳቅሁ። ቶማ ካረፈ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው። አጠገቤ የነበሩት እንባ የመጣብኝ መስሏቸው ትከሻዬን ደገፉኝ።

ድምፁ የእዮብ ነበር። የቶማ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ ጸጉሩ ሸብቷል፣ የልጆች አባት ሆኗል፣ አመሉ ግን አልለቀቀውም። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዞ «እትዬ፣ ይቅርታ፤ አፌ አስቸገረኝ» አለኝ። «ተወው፣ እሱ ቢሰማህ ደስ ይለው ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው።

ስለ ቶማ ስጽፍ ሚስት ስለ ባሏ ሌላ ምን ልትል ነው ይባል ይሆናል። ስለዚህ በቤቴ ስለኖረው ቶማ አልጽፍም፤ እሱ ለኔ ይቅር። የምጽፈው በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ውስጥ፣ በእነዚያ ደም በሚያፈሉ ልጆች መካከል ስላየሁት ሰው ነው። እጄ እንደ ድሮው አይፈጥንም። አንድ አንቀጽ ጽፌ ወደ በረንዳው እወጣለሁ፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል አይቼ እመለሳለሁ።

ቶማ የተወለደው ከጨንቻ በላይ፣ ጉሙ ረፋድ ካልሆነ ከማይነሣበት ደጋ ነው። አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። መጀመሪያ የተገረፈውም «መምህሩ መጣች» ብሎ ነበር። አለንጋውን በቂም አልያዘውም። «ያስገረፈኝ ቋንቋ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ፈለግሁ፤ ስገባ በዚያው ቀረሁ» ይል ነበር። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ጠመኔ እንደ አናጢ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ አይለይም። ሰው ሲያነብለት ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያዳምጠው፤ የተኛ ይመስላል። ሲናደድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ እስኪሰማ ድረስ ሌላው ሁሉ ዝም ለማለት ይገደዳል። በራሱ ቀልድ ከሁሉ ቀድሞ ይስቃል። ዘፈን አይሆንለትም፤ መዝፈኑን ግን አይተውም።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። የድራማ ክበቡ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲለቀቅ፣ ሴቻ ሠፈር ባለው ትምህርት ቤት አዳራሽ ይሰበሰባል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ የአርባ ምንጭ ሙቀት ነው። እኔ እዚያው አካባቢ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት አስተምር ነበር። ከሰዓት መርፌና ክር ይዤ ከአዳራሹ ጥግ እቀመጣለሁ። መጋረጃውን የምጠግን፣ የአሮጊት ቀሚስ ለኮረዳ ወገብ የማጠብብ እኔ ነበርኩ።

እንደ እነዚያ ልጆች የሚያናድድ ፍጥረት አላየሁም። ለገበያው ትዕይንት ከላንቴ እርሻ ሙዝ ይመጣል። ነጋዴ ሆኖ የሚጫወተው ምንዳዬ የሚባል ልጅ ነው። ሸማቿ «ሙዙ እንዴት ነው?» ብላ ስትመጣ ከፊቱ ያለው ልጣጭ ብቻ ነው። «ተሽጦ አልቋል፣ እናቴ» ይላታል እያኘከ። አስቴር ደግሞ አሮጊት ጎረቤት ሆና ልትጫወት ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ ትመጣለች። «አሮጊት ነሽ እኮ» ሲሏት «አሮጊት ከንፈር የላትም ያለው ማነው?» ትላለች። አንዱ ዘግይቶ ይመጣል። ሌላው ቀድሞ ይመጣና የዘገየውን እየሰደበ ልምምዱን ያስረፍዳል።

የሁሉም ቁንጮ እዮብ ነበር። አባቱ ከሰሜን በሥራ ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ልጁ መልከ መልካም ነው፣ ድምፁ ያምራል፣ አማርኛው የሬዲዮ አማርኛ ነው። ክፋቱ የሌላውም ሰው አማርኛ የሬዲዮ እንዲሆን መፈለጉ ነው። ጓደኞቹ አብዛኞቹ ቤታቸው ጋሞኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ ናቸው። አንዱ ቃሉን ሲናገር እዮብ አያዳምጠውም፤ ያርመዋል። አንድ ቀን ሬሳ ሆኖ፣ ነጠላ ተከናንቦ መድረኩ ላይ ተጋድሟል። የምታለቅስለት ልጅ «ገና በልጅነትህ ተቀጠፍክ» ማለት ሲገባት ቃሉን አጠበቀችው። ከነጠላው ሥር ሬሳው «ላልቶ ነው! የበዓሉን ገና አደረግሽው እኮ!» አላት።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቶማ ዓይኑን ሳይገልጥ «ሬሳው ይረፍ» አለ ዝግ ብሎ። «የሞተ ሰው ከእርማት ነፃ ነው።»

«ቲቸር፣ ተሳስታ እኮ ነው!»

«አሁንም ሬሳው ይናገራል?»

ሌላ መምህር ቢሆን ልጁን አንጠልጥሎ ባስወጣው ነበር። እኔም ብሆን አስወጣው ነበር። ማታ ቤት ስንገባ «ምን ይሁን ብለህ ነው የምትሸከመው?» ስለው፣ «የሚያርም ልጅ ቃል የሚወድ ልጅ ነው፤ ሰው መውደድ ነው የቀረው» አለኝ። እሱም ቢሆን ከእነሱ አይሻልም ነበር። ልምምዱ ሲሞቅ አንድ ቃል ያምርበትና «ቆይ ቆይ፣ ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» ብሎ ሁሉን ያቆማል። ልጆቹ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ይሰቅላሉ።

በዚያ ዓመት ለወላጆች ቀን ቶማ ራሱ አንድ ተውኔት ጻፈ። ታሪኩ ቀላል ነው። ልጇ ጦርነት ሄዶ ሞተ ተብሎ ያለቀሰችለት፣ ተዝካሩን ያወጣች እናት ናት። አንድ ቀን በሩ ይንኳኳል፤ ልጅዋ ነው። ልጁን እዮብ እንዲጫወት ተመረጠ። ለእናቲቱ ቶማ ብዙ ልጆች አስነበበ፤ ሁሉንም ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ዳመነች የምትባለው ልጅ ስታነብ ግን ዓይኑን ገለጠ። እኔም መርፌዬን አቆምኩ። ቀጭን፣ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት። ከደጋ ወርዳ ሲቀላ ሠፈር አክስቷ ቤት ተጠግታ ነው የምትማረው። ድምፅዋ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ገና ልጅ የሆነችው ልጅ ስታነብ የወለደች ሰው ትመስል ነበር።

ችግሩ አንድ ነው። በዋናው ቦታ ላይ እናቲቱ ዘልላ ተነሥታ «ልጄ መጣ! በሩን ክፈቱ፣ ልጄ መጣ!» ማለት አለባት። ዳመነች ወረቀቱን እያየች በደንብ ታነበዋለች። ወረቀቱን ስታስቀምጥና ልቧ ሲሞቅ ግን፣ «ልጄ መጣች! በሩን ክፈቱ፣ ልጄ መጣች!»

እዮብ ከበሩ ውጭ ሆኖ «መጣ! ወንድ ነኝ!» ይላል።

ክበቡ በሳቅ ይንፈራፈራል። እሷ «ይቅርታ» ትላለች፣ ትደግማለች፣ ደግማ ያንኑ ትላለች። እንግዲህ «ወንድ ነኝ» የትምህርት ቤቱ ሰላምታ ሆነ። ዳመነች በግቢው ስታልፍ ምንዳዬ ከሩቅ «ዳመነች መጣ!» ይላል፣ አስቴር «ደህና ዋለ?» ትላለች። ልጅቷ በየቀኑ እያነሰች ሄደች። ቶማ ተቆጣ፣ መከረ፤ ፊቱ ሲሆኑ ይተዋሉ፣ ዞር ሲል ይቀጥላሉ።

ነገሩ በአክስቷ በኩል ደጋ ደረሰ። አባትየው ልጄ የከተማ መሳቂያ ከሆነች ትምህርቱ ይቅርባት፣ ወርጄ ይዣት እመለሳለሁ ብለው ላኩ። እነሱ ቀበሌ አጠገብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም። ከወጣች ወጣች ማለት ነው። ቶማ ይህን ሲሰማ በጋሞኛ መልእክት ሰደደላቸው፦ የወላጆች ቀን ይምጡ፣ መጀመሪያ ይዩዋት፣ ከዚያ በኋላ ይውሰዷት። መልሱ መጣ። «አያለሁ። ከሳቁባት ግን እዚያው ከመድረኩ ላይ አወርዳታለሁ።»

ዳመነች እኔ ዘንድ መጥታ የምሰፋውን መጋረጃ ጫፍ ይዛ ቆመች።

«እትዬ፣ እኔ ልተወው።»

«ብትተዪውስ ምን ይጠቅምሻል?»

«አባቴ ትመጣለች። ከሳቁብኝ ሰው ፊት ትወስደኛለች።»

«ብትተዪው ደግሞ ሰው በሌለበት ይወስዱሻል» አለ ቶማ ከኋላዬ። ሁለታችንም «ትመጣለች» ያለችውን ሰምተናል፤ ሁለታችንም አላረምናትም። «እዚህ ለመቅረት አንድ መንገድ ነው ያለሽ። አባትሽ ይዩሽ።»

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ ልምምዱን ሊያዩ ገቡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንግዳ ስለሚመጣ ተጨንቀዋል። «ልጄ መጣች»ን ሲሰሙ ቶማን ወደ ጥግ ሳብ አደረጉት፣ ወደ እኔ ጥግ ማለት ነው።

«መምህር ቶማ፣ የአማርኛ ድራማ ነው ያልከኝ።»

«አማርኛ ነው።»

«ታዲያ አማርኛ የማትችል ልጅ?»

«ትችላለች። ጾታ ብቻ ነው የሚያስቸግራት።»

«ጾታ ብቻ!»

«እኔንም አስቸግሮኝ ነበር። ይኸው መምህር ሆንኩ።»

«አስቴር ትጫወተው። አስቴር አፏ የተፈታ ነው።»

«አስቴር እናት ስትሆን፣ ጌታዬ፣ ከእሷ በፊት ከንፈሯ ነው የሚገባው።»

ሳይፈልጉ ሳቁ። «እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ብቻ» አሉና ወጡ። ቶማ ከአለቃው ጋር እንዲህ ሲከራከር ሳይ፣ መርፌው ጣቴን ወጋኝ እንጂ እጄን አላቆምኩም። ይህ ሰው የኔ ነው ብዬ ልቤ ሞላ።

ከዚያ ቶማ መፍትሔ ፍለጋ ጀመረ። ምሳ እየበላ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በድንገት ጉርሻውን ጣለና «አገኘሁት! አክብሮት ጾታ የለውም!» አለ። «እሳቸው መጡ ካልን ወንድም ሴትም ያው ነው! እንዴት ቀድሞ አልታየኝም?» ልብ አላልኩትም። ከሰዓት በኋላ ግን ዳመነች አዲሱን ቃል አጥንታ፣ ዘልላ ተነሥታ፣ በዚያ ልብ በሚያርድ ድምፅዋ፣

«ልጄ መጡ! በሩን ክፈቱላቸው! ይግቡ ልጄ፣ ይቀመጡ!» አለች።

እዮብ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «እማማ፣ ልጅዎ ነኝ ወይስ የወረዳው አስተዳዳሪ?»

ዳመነች ራሷ ሳቀች። በዚያ ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ቶማ እስከሚጎብጥ ሲስቅ ጠመኔው ከጆሮው ወደቀ። ቀና ሲል ግን ፊቱ ተለውጦ ነበር። ሳምንቱ እያለቀ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ እዮብ ቤት ሄድን፣ ልጁን ለእናቱ ልንከስ። ወይዘሮ የሺ እንግዳ የሚወዱ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ከማንጎው ሥር አስቀመጡን።

«ምን አጥፍቶብኝ ነው ይሄ ልጅ?»

«ልጅዎ ጎበዝ ነው» ብሎ ጀመረ ቶማ። «ጎበዝ ነው፤ ግን...»

የግቢው በር ተከፈተ። እዮብ ነው፤ ኳስ በብብቱ ሸጉጦ፣ ላብ አጥልቆት ገባ። ከማንጎው ጀርባ ስለሆንን እሱ አላየንም። ወይዘሮ የሺ ዞር ብለው፣ በዚያ ረጅም፣ ጢም ሊያወጣ በዳዳው ልጅ ላይ ድምፃቸውን አለሰለሱት።

«መጣሽ፣ የኔ እመቤት? ነይ ግቢ። ምነው እንዲህ ላብ በላብ ሆንሽ? እጅሽን ታጠቢና ብይ።»

እዮብ ያን ጊዜ አየን። ኳሱ ከብብቱ ወደቀ። «እማዬ!»

«ምን ሆንሽ?»

«እማዬ፣ ሰው አለ!»

«ሰው ቢኖርስ? የወለድኩሽ እኔ!»

እዮብ እንደ ጥይት ወደ ቤት ገባ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ታገልኩ። ቶማ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ገለጠው። «ወይዘሮ የሺ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠሩት?»

«ሳቆላምጠው ነዋ! ‹አንተ› የምለው ስቆጣ ነው። ያኔማ ጥሎኝ ይጠፋል። ለመሆኑ ምን አጠፋ አሉኝ?»

«ምንም» አለ ቶማ ተነሥቶ። «ጎበዝ ልጅ ወልደዋል ልልዎት ነው የመጣሁት።»

መንገድ ላይ ልደርስበት አልቻልኩም። «ክሱስ?» ብዬ ጮህኩበት። «የምን ክስ?» አለኝ ሳይዞር። «ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ነገር እኮ ነው! እናት ስትወድ ወንዱን ‹አንቺ› ትለዋለች! ዳመነች አልተሳሳተችም!» ትንሽ ሄደና ቆመ። «ተሳስታለች። ግን እዚያ ቦታ ላይ ትክክል ናት።»

ሰኞ ልምምድ ላይ እዮብ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ቶማ አፉን እስኪከፍት እየጠበቀ ነው፤ በነጋታው ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ነይ ግቢ» ሊለው ነው።

«የዳመነችን ቃል አንነካውም» አለ ቶማ። «እናት ልጇን ስታቆላምጥ በሴት ትጠራዋለች። ተዝካሩ የተበላ ልጅ በሩ ላይ ሲቆም ያላቆላመጠች እናት፣ መቼ ልታቆላምጥ ነው?»

አስቴር አልተዋጠላትም። «ቲቸር፣ ትልቅ ወንድ በእውነት እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው አለ?»

እዮብ ወለሉን ያያል። ቶማ ወደ ሁሉም ዞሮ አየ፣ ወደ እዮብ ግን አላየም።

«አለ» አለ። «እኔን ሚስቴ እንዲህ ነው የምትጠራኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መርፌውን እንደያዝኩ «አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ልል እችል ነበር? ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያ የማይረቡ ልጆች ቶማን ከኋላው «ነይ ግቢ» ይሉት ጀመር። ዓመቱን ሙሉ ተሸከመው። አንድም ቀን የማን ስም እንደሆነ አልተናገረም። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ዘንድሮ በሕመሙ ጊዜ ግን «ነይ፣ አንዴ ቅመሺልኝ» እያልኩ ሾርባ አጉርሼዋለሁ። ሲስቅ ያስለው ነበር፤ ቢሆንም ይስቅ ነበር።

ዳመነችን ደግሞ ለብቻዋ ጠርቶ «ትክክል ነሽ ብዬ አልዋሽሽም» አላት። «በፈተና ላይ እንዲህ ብትጽፊ ዜሮ እሰጥሻለሁ፤ ጾታውን እኔና አንቺ ቀስ ብለን እንማረዋለን። እዚህች ቦታ ላይ ግን ልብሽ ያለሽን በይ።» ርዕሰ መምህሩም ምክንያቱን ሲሰሙ «ይሁን» ብለው ተዉት። የቀረው ፍርሃት አንድ ነበር፤ እዮብ። ዝም ማለቱን ዝም ይላል፣ ግን «መጣች» በተባለ ቁጥር ከንፈሩ በራሱ ይንቀጠቀጣል። አመል ነው። ሕዝብ ፊት ቢያመልጠውስ?

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። የዳመነች አባት ቡልኳቸውን በዚያ ሙቀት እንደደረቡ፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ቶማ ራሱ በጋሞኛ ሰላምታ ሰጥቶ ፊት ሊያስቀምጣቸው ቢል እምቢ አሉ፤ ከበሩ አጠገብ ያለችውን አግዳሚ መረጡ። አማርኛቸው ትንሽ ነው። መድረኩ ላይ የሚባለውን ሳይሆን የሰውን ፊት ነበር የሚያዩት። ምንዳዬ የመጨረሻዋን ሙዝ ልጦ ሲጎርስ ሕዝቡ ሳቀ፤ እሳቸው ዱላቸውን ጨበጥ አደረጉ። የአስቴር ከንፈር ብቅ ሲል ሕዝቡ ሳቀ፤ ዱላው እንደገና ተጨበጠ። እኔ ከመጋረጃው ጠርዝ ሆኜ የማየው ያን ዱላ ብቻ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ዳመነች ከመደቡ ላይ ቀስ ብላ ተነሣች። እዮብ በተገረበበው በር ብቅ አለ። ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

«ልጄ መጣች! በሩን ክፈቱ፣ ልጄ መጣች!»

ከወንዶቹ ተማሪዎች አግዳሚ ቀጭን ሳቅ ተነሣ። እዮብ አፉን ከፈተ፤ ሊያርማት ነው አልኩ። ቃል ሳያወጣ ግን ከመካከል ወይዘሮ የሺ ብድግ አሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ።

«እሰይ! ግቢ በዪው እንጂ ልጄ! እኔም የኔን እንዲህ ነው የምለው!»

አዳራሹ ፈነዳ። ጣሪያው የሚነሣ መሰለ። ሳቁ በዳመነች አልነበረም፤ ግማሹ በወይዘሮ የሺ፣ ግማሹ መድረክ ላይ በቆመው ልጃቸው ነው። አባትየው ግን ይህን በምን ይወቁት? ያዩት ልጃቸው ስትናገር ሕዝብ ሲስቅ ነው። ተነሡ። በአግዳሚዎቹ መካከል ወደ መድረኩ መሄድ ጀመሩ። ዳመነች አየቻቸው። የምትለው ቃል ከአፏ ጠፋ፣ እጆቿ ወደ ታች ወረዱ። ቶማ መጋረጃውን ይዞ አንድ እግሩን አወጣ።

ያን ጊዜ እዮብ በተውኔቱ ውስጥ የሌለ ቃል ተናገረ። ያን አዳራሽ ሙሉ ሳቅ በጆሮው እየሰማ፣ ጓደኞቹ በጠቅላላ እያዩት፣ ዳመነች እግር ሥር ተንበረከከ። ያ የሬዲዮ ድምፁ ተሰነጠቀ።

«እማዬ፣ ግቢ በዪኝ። ግቢ ካላልሽኝ አልገባም።»

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ። ዳመነች አየችው። አባቷንም አየች። ከዚያ እጇን ራሱ ላይ አደረገች።

«ግቢ፣ ልጄ» አለች። «ቤትሽ ነው። ግቢ።»

እልልታው ከእናቶቹ ተነሣ። ልጆቻቸው ከጦርነት ያልተመለሱ፣ ያለቀሱላቸውም ሳያለቅሱላቸው የቀሩም እናቶች እዚያ ነበሩ፤ ዘመኑ ያ ዘመን ነው። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አባትየው አዳራሹ መሐል ቆመው ቀሩ። ተውኔቱ እስኪያልቅ አልተቀመጡም፤ ኋላ ያሉትን ቢከልሉም ይቀመጡ የሚል ሰው አልተገኘም።

ሲያበቃ ከመጋረጃው ጀርባ መጡ። ቶማን በጋሞኛ ጠየቁት። እኔ ጋሞኛ መስማት እንጂ መናገር አልችልም።

«ለምን ሳቁ?»

«ልጁን እናቱ በሕዝብ ፊት አጋለጠችው። በእሱ ነው የሳቁት።»

«ለምን አለቀሱ?»

«በልጅዎ።»

ይህን ሲሰሙ ዞረው ልጃቸውን አዩ። ዳመነች አጠገባቸው ቆማለች፣ እዮብም አቧራ የለበሰ የወታደር ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆሟል። ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ዘርግተው «እንኳን ደህና መጡ» አሏቸው። አባትየው ዱላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ጨበጡ። ማክበራቸው ነው፣ ያለቻቸውን አማርኛ ሰብስበው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«ልጄ ጎበዝ ነው» አሉ። «ከኔ ጋር አይሄድም። ልጄ እዚህ ይማራል።»

ዳመነች አፏን በእጇ ያዘች። ቶማ ዓይኑ ቀልቶ ወደ እዮብ ዞረ።

«እዮብ፣ ምነው ዝም አልክ? አርም እንጂ!»

እዮብ ካፖርቱን ከትከሻው እያወረደ አየው።

«ምኑን፣ ቲቸር?» አለ። «ትክክል ነው የተናገሩት።»